ሶላር ፓኔል በብርድ ወራት፦ ከሐረርና ከድሬ ዳዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኅዳር ገብቶ ሌሊቱ መቀዝቀዝ ሲጀምር ከሐረር፣ ከሐረማያና ከቁልቢ የሚመጣው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ ብርዱ ሶላሩን አዳክሞት ይሆን? የድሬ ዳዋ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ይጠይቃል፤ ፀሐዩ እንዲህ እያነደደ ፓኔሉ የተጻፈበትን ዋት ለምን አይሰጥም? የሁለቱም መልስ አንድ ቦታ ይገናኛል። ድሬ ዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ጃኬት የደረበ ሁሉ ልዩነቱን ያውቀዋል፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አንድ ዓይነት ፓኔል በሁለቱም ከተማ ጣሪያ ላይ ስለሚሰቀል፣ ብርድና ሙቀት ምን እንደሚያደርጉት ለማየት ከዚህ የተሻለ አካባቢ አላውቅም።

ብርድ ሲሆን ሶላር ፓኔል ይዳከማል?

አይዳከምም። ፓኔሉ የሚሠራው በብርሃን ነው እንጂ በሙቀት አይደለም። ብርሃኑ እኩል እስከሆነ ድረስ የቀዘቀዘ ፓኔል ከጋለ ፓኔል የበለጠ ኃይል ይሰጣል። ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ ሐረር ውስጥ ምርቱ ወርዶ ካገኛችሁት ጥፋተኛው ብርዱ አይደለም። ጥላ ሊሆን ይችላል፣ አቧራ ሊሆን ይችላል፣ የባትሪው ማርጀት ሊሆን ይችላል። ወይም ሌሊቱ ሲረዝም ቤተሰቡ መብራት በጊዜ አብርቶ እያመሸ ይሆናል።

ይህን አጥብቄ የምለው ምክንያት አለኝ። «ሐረር ብርድ ስለሆነ እጥፍ ፓኔል ያስፈልጋችኋል» ተብለው ያላቸውን ጥሪት አፍስሰው የማያስፈልጋቸውን የገዙ ቤተሰቦች አሉ። ያ ገንዘብ ለተሻለ ባትሪ ቢውል ኖሮ ሌሊቱን ሙሉ ያበራላቸው ነበር።

ሙቀት ፓኔልን የሚጎዳው ለምንድን ነው?

ከመስተዋቱ ሥር የምታዩዋቸው ጥቁር ወይም ሰማያዊ ቁርጥራጮች ሲሊከን ናቸው። ብርሃን ሲያርፍባቸው በውስጣቸው ያሉ ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ይላቀቃሉ፣ ወደ ሽቦው የሚገፋቸውም ቮልቴጁ ነው። ሲሊከኑ ሲሞቅ ከተላቀቁት ውስጥ ሽቦው ጋ ሳይደርሱ ተመልሰው ቦታቸውን የሚይዙት ይበዛሉ፤ ቮልቴጁም ይወርዳል። አምፔሩ በሙቀት በጣም በትንሹ ከፍ ይላል፤ ሆኖም በቮልቴጁ የጠፋውን አያካክስም።

ከፓኔሉ ጀርባ የተለጠፈው ዋት የተለካው የሲሊከኑ ሙቀት 25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የብርሃኑ ብርታት ደግሞ በካሬ ሜትር 1,000 ዋት ሆኖ ነው። ልብ በሉ፣ 25 የተባለው የአየሩ ሙቀት አይደለም፤ የሲሊከኑ የራሱ ነው። በቀትር ፀሐይ የተመታ ፓኔል ደግሞ ከአየሩ 30 ዲግሪ ያህል በልጦ ይግላል። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዲግሪ የሚቀንሰው መቶኛ በአምራቹ ወረቀት ላይ ተጽፏል። በቆዩት ፖሊ ፓኔሎች 0.4 በመቶ ወይም ትንሽ ከፍ ይላል፤ በብዙዎቹ ሞኖ ፓኔሎች 0.35 በመቶ አካባቢ ነው፤ አዳዲሶቹ ቶፕኮን የሚባሉት ወደ 0.3 በመቶ ወርደዋል።

በድሬ ዳዋና በሐረር መካከል ልዩነቱ በቁጥር ስንት ይሆናል?

400 ዋት የተጻፈበት፣ በዲግሪ 0.35 በመቶ የሚቀንስ ፓኔል እንውሰድ።

ድሬ ዳዋ፣ ሰኔ ላይ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት። አየሩ 35 ዲግሪ ቢሆን ፓኔሉ 66 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ከ25 በላይ ያለው 41 ዲግሪ ነው፤ በ0.35 ሲባዛ 14 በመቶ ያህል ኪሳራ ይሆናል። 400 ዋት የነበረው ወደ 343 ዋት ወረደ ማለት ነው።

ሐረር፣ ታኅሣሥ ላይ፣ በዚያው ሰዓት። አየሩ 24 ዲግሪ ቢሆን ፓኔሉ 55 ዲግሪ ገደማ ነው። ኪሳራው 10.5 በመቶ፣ የሚሰጠውም 358 ዋት ነው።

ድሬ ዳዋም ራሷ ታኅሣሥ ላይ ቀለል ይላታል። አየሩ 28 ዲግሪ በሆነበት ቀትር ያው ፓኔል 352 ዋት ያህል ይሰጣል።

እነዚህ ቁጥሮች ብርሃኑን እኩል አድርገው የተሠሩ ናቸው። እንደምታዩት ብርዱ ተአምር አይሠራም። ልዩነቱ በአንድ ፓኔል ላይ 15 ዋት ገደማ ነው። ግን አቅጣጫው ግልጽ ነው፤ የሐረር ብርድ ምርት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ድሬ ላይ ሲስተም የሚያሰላ ሰው ደግሞ ለሙቀት ብቻ 15 በመቶ ያህል ከወዲሁ መቀነስ አለበት። የተጻፈውን ዋት እንዳለ ይዞ ያሰላ ሰው ሰኔ ላይ ያዝናል።

የድሬው ኪሳራ ከዚህም የሚብስበት ሁኔታ አለ። ፓኔሉ ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቆ ከተሰቀለ ከሥሩ አየር አያልፍም፤ ሙቀቱም ከሠራሁት ስሌት በላይ ይወጣል። ከቆርቆሮው ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከተቻለ 15፣ ከፍ አድርጎ በአንግል ብረት ላይ ማሰር አየሩ ከሥር ገብቶ በላይኛው ጫፍ እንዲወጣ ያደርጋል። ለድሬ፣ ለሳቢያንም ሆነ ለከዚራ፣ በጥቂት ብር ብረት የሚገኝ ትርፍ ከዚህ የሚበልጥ የለም።

ታኅሣሥ ላይ ቀኑ ያጥራል፣ ፀሐይዋም ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ያ አይቀንሰውም?

ይቀንሰዋል፤ ግን ሰው ከሚገምተው በጣም ያነሰ ነው። ሐረርና ድሬ ዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ከግማሽ አካባቢ ላይ ስለሆኑ ታኅሣሥ 12 ገደማ፣ ቀኑ እጅግ ባጠረበት ሰሞን እንኳ፣ ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ሰኔ 14 ገደማ ደግሞ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይደርሳል። በመካከላቸው ያለው የአንድ ሰዓት ልዩነት የሚወሰደው ከጠዋቱና ከማታው ደካማ ብርሃን ነው። በዚያ ላይ ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው ገና ሰሞን ነው፤ ያኔ የሚደርሰን ብርሃን ከዓመቱ አማካይ በ3 በመቶ ያህል ይበልጣል። ሰማዩም በበጋው ጥርት ያለ ነው።

ትልቁ ጉዳይ ማዘንበሉ ነው። ታኅሣሥ ላይ በቀትር ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ትሆናለች። ጠፍጣፋ የተኛ ፓኔል ያኔ ከቀጥታው ብርሃን 84 በመቶውን ነው የሚያገኘው። ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ ቢያዘነብል 95 በመቶ ያገኛል። 2 ሜትር ርዝመት ላለው ፓኔል 15 ዲግሪ ማለት የሰሜኑን ጫፍ ከደቡቡ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ነው። 10 ዲግሪ ከሆነ 35 ሳንቲ ሜትር ይበቃል።

እኔ ለአብዛኛው ቤት የምመርጠው 10 ዲግሪን ነው። በክረምት ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ስለምትሻገርና ብርሃኑም በደመና ተበትኖ ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ፣ ብዙ ያዘነበለ ፓኔል በዚያ ወቅት ይጎዳል። ዓመቱን ሙሉ የሚያስጨንቃችሁ ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ 10 ዲግሪ ላይ ቁሙ። በበጋ ጫትና አትክልት የሚያጠጣ ፓምፕ ከሆነ ግን 15 እና ከዚያ በላይ ይሻላል፤ ፓምፑ የሚፈለገው ዝናብ በሌለበት በእነዚያ ወራት ነውና። ከ10 በታች እንዳትወርዱ፤ ዝናቡ አቧራውን አጥቦ መውረጃ ያጣል።

ሰኔ ላይ ያስገጠምኩት ሶላር በደንብ ይሠራ ነበር፤ ታኅሣሥ ላይ ቀነሰ። ብርዱ ካልሆነ ምንድን ነው?

መጀመሪያ የምጠይቀው ጥላን ነው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ በቀትር ፀሐይዋ ከእኛ በስተሰሜን ናት፤ ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፣ እሱም አጭር ነው። በቀሩት ወራት ጥላው ይገለበጥና ወደ ሰሜን ይረዝማል።

ጣሪያ ላይ ያለውን የውሃ ሮቶ አስቡ። ከፓኔሉ ደረጃ 2 ሜትር ከፍ ያለ ሮቶ ሰኔ ላይ በቀትር ግማሽ ሜትር ያህል ጥላ ወደ ደቡብ ይጥላል። ታኅሣሥ ላይ ያው ሮቶ 1.3 ሜትር ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል፤ ጠዋትና ከሰዓት ደግሞ ከዚያ በላይ ይረዝማል። ሰኔ ላይ የመጣው ቴክኒሻን ፓኔሉን ከሮቶው በስተሰሜን ሲሰቅል አንዳች ጥላ አልታየውም። ስድስት ወር ቆይቶ ግን የፓኔሉ የታችኛው ክፍል ጥላ ውስጥ ገባ። ቤተሰቡም ብርዱን ወቀሰ።

ትንሽ ጥላ ትንሽ ብቻ ይቀንሳል ብላችሁ አትናቁት። በፓኔሉ ውስጥ ቁርጥራጮቹ እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲጋረድ የተያያዙትን ሁሉ ይይዛል። ለዚህ ሲባል ከጀርባው ባለው ጥቁር ሳጥን ውስጥ ብዙውን ጊዜ 3 ዳዮዶች ይገጠማሉ፤ የተጋረደውን ክፍል ዘለው ኤሌክትሪኩን ያሳልፋሉ። ውጤቱ ግን እጅ የምታክል ጥላ የፓኔሉን አንድ ሦስተኛ ልታጠፋ መቻሏ ነው። በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ ቤቶቹ ተጠጋግተው ስለተሠሩ የጎረቤት ግድግዳና ሚናራ ጭምር ይታሰባሉ። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት 3 ሰዓት፣ 6 ሰዓትና 9 ሰዓት ላይ ጣሪያው ላይ ወጥታችሁ እዩ፤ በሦስቱም ሰዓት ፓኔሉ ንጹሕ ፀሐይ ላይ ከሆነ ቦታው ጥሩ ነው።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን በብርዱ ወቅት ሶላራቸው እንደማይሠራ ይነግሩናል። እነሱ ተሳሳቱ?

ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ ምክንያቱ ግን ብርዱ አይደለም። ኖርዌይ፣ ኦስሎ ላይ በታኅሣሥ አጋማሽ ቀኑ 6 ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ በቀትርም ፀሐይዋ ከአድማስ 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የምትለው። ቶሮንቶ ላይ ቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ ላይ ሰማዩ ለሳምንታት ሊደመን ይችላል፣ በረዶው ደግሞ ፓኔሉን ይሸፍነዋል። የሚጎድላቸው ብርሃን ነው። እዚያው አገር፣ አየሩ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሆኖ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ ለፀሐይ በደንብ የተገለጠ ፓኔል የተጻፈበትን ዋት ሞልቶ ትንሽ ሊያልፍም ይችላል። ድሬ ዳዋ ላይ በቀትር ይህ አይሆንም።

ፓኔሎቹ ለብርዱ ተብለው ተፈትነዋልም። ዓለም አቀፉ የጥራት ፈተና አንድን ፓኔል ከዜሮ በታች 40 እና ከዜሮ በላይ 85 ዲግሪ መካከል 200 ጊዜ ያመላልሰዋል። የሐረር ሌሊት ከዚያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ሐረር ላይ ኮንትሮለሩ አልፎ አልፎ ስህተት እያሳየ ይጠፋል። ድሬ እያለ ደህና ነበር። ከብርድ ጋር ግንኙነት አለው?

ሊኖረው ይችላል። ኮንትሮለር ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው ዕቃ ነው። ብርድ በሶላር ላይ የሚያመጣው እውነተኛ አደጋ ቢኖር ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

ሙቀት ቮልቴጁን እንደሚያወርደው ሁሉ ብርድ ያወጣዋል። ከፓኔሉ ጀርባ «ቪ ኦ ሲ» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ሽቦው ከምንም ሳይገናኝ የሚለካው ትልቁ ቮልቴጅ ነው፤ እሱም የተለካው በ25 ዲግሪ ነው። ከዚያ በታች ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.27 በመቶ ያህል ይጨምራል። ትክክለኛው ቁጥር በየፓኔሉ ወረቀት ላይ አለ።

ቪ ኦ ሲው 49.8 ቮልት የሆነ ባለ 550 ዋት ፓኔል አለን እንበል። ሦስቱን በሲሪስ፣ ማለትም የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ እያደረግን ስናያይዝ 149.4 ቮልት ይሆናል። ኮንትሮለሩ ላይ የተጻፈው ጣሪያ 150 ቮልት ነው። ወረቀት ላይ ልክክ ብሎ ገባ። የፓኔሉ ሙቀት ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድስ? 15 ዲግሪ በ0.27 ሲባዛ 4 በመቶ ነው። እያንዳንዱ ፓኔል 51.8 ይሆናል፣ ሦስቱ ከ155 ቮልት ያልፋሉ። ጥሩ ኮንትሮለር ራሱን አጥፍቶ ስህተት ያሳያል። ርካሹ ግን ውስጡ ይቃጠላል፤ እንዲህ የተቃጠለ ዕቃ ደግሞ በዋስትና የሚቀየር አይደለም።

አደገኛው ሰዓት የትኛው ነው? ብዙ ሰው ንጋት ይመስለዋል። ንጋት ላይ ብርሃኑ ገና ደካማ ስለሆነ ቮልቴጁ ጣሪያው ላይ አይደርስም። ብርሃኑ እየበረታ ሲሄድም ፓኔሉ አብሮ ይሞቃል። የሚያስፈራው የቀዘቀዘ ፓኔል ድንገት ብርቱ ብርሃን ሲመታው ነው። ሐረር ላይ ይህ የሚሆነው ከዝናብ በኋላ ነው። ዶፉ ወይም በረዶው መስተዋቱን ሲያቀዘቅዘው ይቆይና ደመናው በአንዴ ይከፈታል። ሸዋ በር አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ይህን ቆሜ አይቻለሁ። ውሃው ገና ከፍሬሙ ጫፍ እየተንጠባጠበ፣ መስተዋቱ በእጅ ሲነካ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ፀሐይዋ ብቅ ስትል የቮልት መለኪያው (ቴስተሩ) ቁጥር 150ን አልፎ ወጣ። ፓኔሉ እየሞቀ ሲሄድም ቁጥሩ ቀስ በቀስ ወረደ። የግቢው ባለቤት «አቦ፣ ዝናብ ሲያባራ ሁሌ እንዲህ ነው የሚያደርገው» ያለችኝ ያኔ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። በአካባቢያችሁ ሊመጣ የሚችለውን ዝቅተኛ ሙቀት ይዛችሁ አስሉ። ለሐረር እኔ 5 ዲግሪን እይዛለሁ፤ ለሐረማያና ለቁልቢ ደጋ 0ን። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ውጭ ያደረ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቀኝም። ቪ ኦ ሲውን በዚያ ሙቀት አስልታችሁ ድምሩ ከኮንትሮለሩ ጣሪያ በታች ካልሆነ በሲሪስ የሚያያዘውን ቀንሱ። ከላይ ባለው ምሳሌ ሁለት ሁለት አድርጎ በሲሪስ ማያያዝና ጥንዶቹን በፓራለል፣ ማለትም ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ፣ ማገናኘት ነው። ሁለቱ በ5 ዲግሪ 105 ቮልት ያህል ስለሚሆኑ ሰፊ መተንፈሻ አላቸው። ይህን ያህል የዲሲ (ከፓኔልና ከባትሪ የሚወጣው ዓይነት) ቮልቴጅ ሰው የሚገድል መሆኑንም አትርሱ። ሽቦውን ከመንካታችሁ በፊት በዲሲ ብሬከር አጥፉ፤ ለኤሲ የተሠራውን የቤት ብሬከር በዚያ ቦታ አትጠቀሙ።

ፓኔሉን ከድሬ ወደ ሐረር ይዤ ብዛወርስ?

ፓኔሉ ይስማማዋል። ከላይ ያለውን የቮልቴጅ ስሌት ግን ድጋሚ ሥሩ። ለድሬ ልክ የነበረው አገጣጠም ለሐረር ላይሆን ይችላል።

ባትሪውስ ብርድ ይፈራል?

ፓኔሉ በብርድ ይጠቀማል፣ ባትሪው ግን ይለያል፤ እሱም እንደ ዓይነቱ ነው።

ጄልም ሆነ ውሃ የሚጨመርበት የሊድ ባትሪ በ10 ዲግሪ ከሚይዘው 10 በመቶ ገደማ ይቀንስበታል። ሲሞቅ ይመለሳል፤ ጉዳት አይደለም። ሐረር ላይ ሌሊት መብራቱ ቶሎ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ባትሪውን ከሲሚንቶ ወለል በጣውላ ከፍ አድርጎ፣ ነፋስ ከማይገባበት የቤት ውስጥ ጥግ ማኖር ብዙ ይረዳል። የሊድ ባትሪ ሲሞላ ጋዝ ስለሚያወጣ ግን ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ አታስቀምጡት፣ ሳጥኑንም አትድፈኑት።

ሊቲየም ባትሪን በተመለከተ አንድ ሕግ አለ፦ የባትሪው ውስጥ ከ0 ዲግሪ በታች ሆኖ መሞላት የለበትም፤ ውስጡ ለዘለቄታው ይበላሻል። ጥሩዎቹ በውስጣቸው ያለው መቆጣጠሪያ ያንን ይከለክላል። ሐረር ከተማ ውስጥ፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ባትሪ እዚያ አይደርስም። ውርጭ በሚመታው ደጋ ላይ፣ ሜዳ ላይ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ የፓምፕ ባትሪ ግን ሊያሳስብ ይገባል።

የድሬ ሰው ግን የሚበልጥ ችግር አለበት። የሊድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል። 35 ዲግሪ ክፍል ውስጥ የሚኖር ባትሪ 6 ዓመት ይቆያል የተባለው 3 ዓመት ላይ ሊሞት ይችላል። ሙቀት መለኪያ ሽቦ ያለው ኮንትሮለር ግዙና ሽቦውን ባትሪው ላይ ለጥፉት፤ ሲሞቅ የሚሞላበትን ቮልት ይቀንሳል፣ ሲበርድ ይጨምራል። ለሁለቱም ከተማ ይጠቅማል።

የሶላር ውሃ ማሞቂያዬ በብርዱ ወራት ውሃው ለብ ያለ ብቻ ነው። ፓኔሉም እንደዚያ ይሆን?

አይሆንም። ጣሪያ ላይ ታንከር ያለው ማሞቂያ ሥራው ሙቀትን መሰብሰብ ስለሆነ ቀዝቃዛ አየርና ቀዝቅዞ የሚገባ ውሃ ይጎዱታል። ሁለቱም ሶላር ይባሉ እንጂ አሠራራቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ጤዛና አቧራስ?

ይህ በበጋው የምር ጉዳይ ነው። ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ፓኔሉ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ጤዛ ከሌላው ቦታ ቀድሞ እሱ ላይ ያርፋል። ጤዛው አቧራውን ያላቁጠውና ፀሐይ ስትወጣ ደርቆ ይጣበቃል። በየቀኑ ሲደጋገም የታችኛው ጠርዝ ላይ ቡናማ ቅርፊት ይሠራል፤ ዝናብ እስኪመጣ ራሱ አይለቅም። ድሬ ላይ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ የሚነሳው ደቃቅ አቧራ፣ ግንባታ ባለበት ሰፈርም የሲሚንቶ ብናኝ ሲጨመርበት ይብሳል። ሐረር ላይ ደግሞ ሥጋ ቤቶች አጠገብ የሚያንዣብቡት ጭላቶች አሉ። ኩሳቸው እንደ ጥላ ይጋርዳል፤ የተጋረደው ቁርጥራጭም እየጋለ ሊቃጠል ይችላል።

የምታጥቡት በማለዳ ይሁን፤ ጤዛው ራሱ ቅርፊቱን አለስልሶላችሁ ይጠብቃል። ንጹሕ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ይበቃል። ዱቄት ሳሙና፣ የብረት መፋቂያና አሸዋ አታስጠጉ። በቀትር የጋለ መስተዋት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት መስተዋቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ፓኔሉ ላይ አትቁሙ፤ መስተዋቱ ቢችላችሁም ሲሊከኑ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያወጣል።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ለምን ይህን ያህል ይወርዳል?

ደመና ነው። ጥቅጥቅ ያለ ደመና በሸፈነበት ሰዓት ፓኔሉ ከአቅሙ ከ10 እስከ 25 በመቶ ብቻ ሊሰጥ ይችላል። ብርዱ ያኔም ትንሽ ያግዛል፤ ብርሃን ከሌለ ግን የሚያግዘው ነገር የለም። ስለዚህ ለሐረር የሲስተሙን መጠን ስትወስኑ የምታስቡት ለታኅሣሥ ሳይሆን ለሐምሌ ነው። ማቀዝቀዣ ያላችሁ ደግሞ ለማቀዝቀዣው የራሱን ብሬከር አድርጋችሁ ከመብራቱ ለዩት፤ በደመና ቀን እሱን ለብቻው ማጥፋት ይቻላል፣ ባትሪውም ለሌሊት ይተርፋል።

በረዶ ሲጥል መስተዋቱ ይሰበራል?

ጥራቱ የተረጋገጠ ፓኔል 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የበረዶ ድቡልቡል፣ በሰከንድ 23 ሜትር ፍጥነት እየተመታ ይፈተናል። የተለመደው የሐረር በረዶ ከዚያ ያነሰ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው አስቀድሞ ጠርዙ የተጎዳ ወይም በጭነት መኪና ላይ ያለ ማሸጊያ ተንጋግቶ የመጣ ነው። ስትረከቡ አራቱን ጠርዞች በጣት እየዳሰሳችሁ ተረከቡ።

ስገዛ ከዋቱ ሌላ ምን ልይ?

ሦስት ቁጥሮችን ጠይቁ፦ በዲግሪ የሚቀንሰውን መቶኛ፣ ቪ ኦ ሲውን፣ እንዲሁም ቪ ኦ ሲው በብርድ የሚጨምርበትን መቶኛ። ለድሬ የመጀመሪያው ይበልጣል። 0.30 እና 0.40 በተጻፈባቸው ሁለት ፓኔሎች መካከል ሰኔ ላይ በቀትር 4 በመቶ ያህል ልዩነት አለ፤ ዋጋቸው ከተቀራረበ ዝቅተኛውን ቁጥር ውሰዱ። ለሐረር የቀሩት ሁለቱ ይበልጣሉ፤ ኮንትሮለሩን የሚያድኑት እነሱ ናቸው። ወረቀቱን ማሳየት የማይችል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ የድሬው ታይዋን ገበያም ሆነ የሐረሩ ፈረስ መጋላ፣ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ። ከመክፈላችሁ በፊት ፓኔሉን ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ በቴስተር ቮልቱን ለኩ። ከተጻፈው ቪ ኦ ሲ በጥቂት በመቶ ዝቅ ቢል ሙቀቱ ነው። በሲሶ ያህል ዝቅ ካለ ግን አንዱ ዳዮድ ወይም አንዱ መስመር ሞቷል፤ አትግዙት።